የአይልትስ ራይቲንግ 6 ላይ ተተክሎ ቀረብኝ፣ ስፒኪንጉም 6.5 ነው፤ ምን ይሻለኛል?

ነርስ ከሐዋሳ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ብዙ ጊዜ አንብቤ ዝም ብዬ ነው የምወጣው፤ ዛሬ ግን ግራ ቢገባኝ ጻፍኩ።

ሐዋሳ ውስጥ የሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ። እንግሊዝ አገር ለመመዝገብ ኤንኤምሲ የሚባለው የነርሶችና አዋላጆች ምክር ቤት አይልትስ አካዳሚክ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና ይጠይቃል። ሊስኒንግ፣ ሪዲንግና ስፒኪንግ 7፣ ራይቲንግ 6.5 መሆን አለበት። የእኔ ሊስኒንግ 7.5፣ ሪዲንግ 7፣ ራይቲንግ 6፣ ስፒኪንግ 6.5 ነው። አማካዩ 7 ተብሎ ተጽፎልኛል፤ ግን አማካይ ማንን አሳለፈ? ከዚያ በፊት ስፈተንም ራይቲንጉ ያው 6 ነበር።

ሳላጠና ቀርቼ ቢሆን አይቆጨኝም ነበር። አንድ ማሠልጠኛ ከፍዬ ተምሬያለሁ። እዚያ የሰጡን ቴምፕሌት አለ፤ መግቢያው፣ መሸጋገሪያው፣ መደምደሚያው ሁሉ አልቆ የተዘጋጀ ስለሆነ ክፍት ቦታውን መሙላት ብቻ ነው። ከእንቅልፌ ቢቀሰቅሱኝ በቃሌ እወጣዋለሁ።

በቅርቡ ለልምምድ የጻፍኩትን ልንገራችሁ። ጥያቄው «መንግሥት በሽታን ከማከም ይልቅ በመከላከል ላይ የበለጠ ገንዘብ ማውጣት አለበት፤ በዚህ ምን ያህል ትስማማለህ?» የሚል ነው። መግቢያዬ «አሁን ባለንበት የግሎባላይዜሽን ዘመን ጤና አነጋጋሪ ጉዳይ ሆኗል» ይላል። ቀጥሎ መከላከል ጥቅም እንዳለው ጽፌ፣ አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ 80 በመቶ ምናምን ብሎ አጥንቷል አልኩ። ቁጥሩ ከየትም የመጣ አይደለም፣ እንደዚያ አድርጋችሁ ጻፉ ተብለናል። ከዚያ ሕክምናም ጥቅም አለው። መጨረሻ ላይ ሁለቱም እኩል ያስፈልጋሉ ብዬ ዘጋሁት። ታስክ 1 የሚባለው የግራፍ ጽሑፍ ግማሽ ሰዓት ስለሚበላብኝ ታስክ 2 የሚባለው ይህ ድርሰት ሁልጊዜ በጥድፊያ ነው የሚያልቀው።

ስፒኪንጉን ደግሞ ከማን ጋር ልለማመደው? ሥራ ቦታ እንግሊዝኛችን ቻርት (የታካሚ መዝገብ) ላይ ነው ያለው። ራውንድ ላይ ሐኪሙ ይጠይቃል፣ እኛ በሁለት ቃል እንመልሳለን፣ አለቀ። ያለፈበት ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

ሰብታይትል፦

እህት፣ ግራመሩን እርሺው። ፊልም በእንግሊዝኛ ሰብታይትል እያየሽ ከረም በይበት፣ ምላስሽ ራሱ ይፈታል። ለራይቲንግ ደግሞ ከበድ ያሉ ቃላት ያስፈልጉሻል። «ሜኒ» አትበዪ፣ «ፕሌቶራ» በይ። «ኢምፕሩቭ» የልጅ ቃል ነው፣ «አሜሊዮሬት» በይው። በቀን ሃያ ሃያ ቃል ብትይዢ በሁለት ወር ውስጥ የት ትደርሻለሽ!

የበርሚንግሃሟ፦

የኔ እህት፣ እኔም ያለፍኩበት ነው፣ አይዞሽ። ስለ ጥናቱ ሌሎች ይነግሩሻል፤ እኔ ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገርሽ። ኤንኤምሲ የሁለት ፈተና ውጤት አጣምሮ ይቀበላል። ሁለቱም ፈተናዎች በ12 ወር ውስጥ የተወሰዱ መሆን አለባቸው፣ በሁለቱም ጊዜ አራቱንም ክፍል መፈተን ግዴታ ነው፣ በየትኛውም ወረቀት ላይ ሊስኒንግ፣ ሪዲንግና ስፒኪንግ ከ6.5፣ ራይቲንግ ደግሞ ከ6 መውረድ የለባቸውም። አሁን ያለሽን እዪው፤ ከዚህ መስመር በታች የወረደ የለሽም! ስለዚህ ሊስኒንጉና ሪዲንጉ ተይዘውልሻል። በሚቀጥለው ራይቲንግ 6.5 እና ስፒኪንግ 7 አምጪ፣ ሌሎቹ ከ6.5 አይውረዱብሽ፣ በቃ። የፈተናውን ቀን ከቀድሞው ቀን ጋር አመሳክረሽ ያዢ፤ ደንብ ስለሚለወጥም ከመክፈልሽ በፊት የራሳቸውን ገጽ እዪው።

ሁለተኛ ነገር፣ ኦኢቲ የሚባለውን ለጤና ባለሙያ የተዘጋጀ ፈተናም ይቀበላሉ። ራይቲንጉ ሲ ፕላስ ከሆነ ይበቃል፣ ሌሎቹ ቢ መሆን አለባቸው። እዚያ ግራፍ የለም፣ ግሎባላይዜሽን የለም። የታካሚ ማስታወሻ ይሰጡሻል፣ አንቺ ከ180 እስከ 200 ቃል የሚሆን የሪፈራል ወይም የዲስቻርጅ ደብዳቤ ትጽፊያለሽ። ስፒኪንጉም ከታካሚ ወይም ከቤተሰብ ጋር እንደምትነጋገሪ ሆኖ ሁለት ጊዜ የሚደረግ ጭውውት ነው። እኔ ያለፍኩት በሱ ነው። ዋጋው ግን ከአይልትስ ይወደዳል፣ ስለዚህ ለአንቺ ግማሹ ካለቀልሽ አይልትስሽን ብትጨርሺ ይሻላል ባይ ነኝ።

ሦስተኛ፣ ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያ እጥረት አለባቸው ብሎ በለያቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። ስለዚህ የእንግሊዝ ቀጣሪም ሆነ ኤጀንሲ እዚያ ድረስ መጥቶ መመልመል አይፈቀድለትም። አንቺ ራስሽ ቀጥታ ማመልከት ትችያለሽ። «ክፈዪና እኛ እንወስድሻለን» የሚል ደላላ ከመጣ በሩን ዝጊበት።

የማታው መምህር፦

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነበው አንድ ነገር ታየኝ፤ አንቺ መጻፍ ትችያለሽ። አማርኛሽ ቁልጭ ያለ ነው። ውጤትሽን፣ የሚፈለግብሽንና የጎደለሽን ሳታንዛዢ አስቀመጥሽው። ታዲያ እንግሊዝኛ ስትጽፊ ይህቺ ሴት የት ትሄዳለች?

እኔ ሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ ሳስተምር ኖሬ፣ አሁን ማታ ማታ ለአይልትስና ለቶፍል የሚዘጋጁ ሰዎችን አግዛለሁ። ነርስ ይመጣል፣ ፋርማሲስት ይመጣል፣ አካውንታንት ይመጣል። 6 ላይ ቆሞ የሚቀረው እንግሊዝኛ የማይችለው አይደለም። ብዙውን ጊዜ በቃሉ የያዘው ነው።

ራይቲንግ በአራት መስፈርት ይታረማል፣ አራቱም እኩል ሩብ ሩብ ይይዛሉ። ጥያቄውን መመለስሽ፣ ሐሳብሽ መያያዙ፣ ቃላትሽ፣ ሰዋስውሽ። አራሚዎቹ በቃል የተሸመደደን ዐረፍተ ነገር እንዲለዩ ሠልጥነው ነው የሚቀመጡት። «አሁን ባለንበት የግሎባላይዜሽን ዘመን» ስትዪ ያ አራሚ ያንኑ ዐረፍተ ነገር በዚያው ቀን ከስንት ሰው አንብቦታል። ለሱ አንቺ ገና አልጀመርሽም። አሠልጣኙ የሸጠላችሁ ቴምፕሌት ከ5 ወደ 6 የሚያደርስ ሊሆን ይችላል፣ አልክድም፤ ከ6 ወደላይ ግን ራሱ ነው ይዞ የሚያስቀርሽ።

አሁን ወደ ድርሰትሽ ልምጣ። ጥያቄው ምን ያህል ትስማሚያለሽ ነው ያለው። አንቺ መከላከልም ጥሩ ነው፣ ሕክምናም ጥሩ ነው ብለሽ ሁለቱንም አስማምተሽ እንደ አገር ሽማግሌ ተነሣሽ። መሃል መቆም አይፈቀድም ማለቴ አይደለም፤ ይፈቀዳል። ግን ጥያቄው ስለ ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ውስን ነው፣ ወደ አንዱ ሲያደላ ከሌላው ይቀነሳል። የትኛው ላይ ይቀነስ? እስከ ምን ድረስ? ለማን? ይህን ካልነካሽ ዙሪያውን ዞርሽ እንጂ አልመለስሽም።

ያ 80 በመቶ ይውጣ። አራሚው ቁጥሩን ሄዶ አያጣራም፣ ስለ ዋሸሽም አይቀንስብሽም። የማይጠቅምሽ ሌላ ምክንያት አለው፤ ፈጥረሽ ያመጣሽው ቁጥር ወዴትም አይወስድሽም፣ ከሱ ቀጥሎ የምትጽፊው ታጫለሽ። አንቺ እኮ የሕፃናት ክፍል ነርስ ነሽ! በተቅማጥ ደርቆ የመጣ ሕፃን ስንት ቀን አልጋ ይይዛል? ስንት ከረጢት ፍሉይድ ይወስዳል? እናቱ ስንት ቀን ከገበያ ትቀራለች፣ ቤት የቀሩትን ልጆች ማን ያያቸዋል? እዚያው ቀበሌ ኦአርኤስ የሚባለው በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ ንጥረ ነገር በጊዜ ቢሰጠው ኖሮ ይህ ሁሉ ወጪ የት ነበር? በ1995 ዓ.ም የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ከ30,000 በላይ ሠራተኛ፣ አብዛኞቹን ሴቶች፣ በየቀበሌው አሰማርቶ ስለ ክትባት፣ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ አጎበር ቤት ለቤት ያስተምራል። ይህን ከአንቺ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? ከዚህ አንድ አንቀጽ አይወጣም? ይወጣል እንጂ፤ ይተርፍሻል።

የሌላውንም ወገን ከዚያው ክፍልሽ ታገኚዋለሽ። ያለ ጊዜው የተወለደን ሕፃን ምንም ክትባት አያድነውም፣ ኢንኩቤተርና የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። እንግዲህ አቋምሽ «የበለጠው ገንዘብ ወደ መከላከል ይሂድ፣ ድንገተኛና የጨቅላ ሕፃናት ሕክምና ግን አይነካ» ቢሆን ጥርት ያለ መልስ ነው። ከመግቢያው እስከ መደምደሚያው ይኸው ይታይ።

ሁለተኛው ጉዳይ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነው። በየቀኑ በእንግሊዝኛ እንደምትጽፊ ራስሽ ተናግረሻል፤ ቻርት። የቻርት እንግሊዝኛ ምን ይመስላል? «ፔሸንት ኮንሺየስ፣ ቫይታል ሳይን ስቴብል፣ አይቪ ላይን ሴኪዩርድ»። ግሱ የለም፣ «ኤ» እና «ዘ» የሚባሉት ድራሻቸው የለም። ለሥራው ትክክል ነው፣ እንደዚያ መጻፍም አለበት። ግን ዓመታት እጅሽ በዚያ ስለ ለመደ ፈተና ላይም ይዘልላቸዋል። አማርኛችንም አያግዝሽም፤ «ልጁ» ስንል «ዘ» የሚሠራውን ሥራ መጨረሻው ላይ ያለችው ፊደል ትሠራዋለች፣ «ሁለት ልጅ» ብንልም ማንም አያርመንም። ስለዚህ ለነርሶች የምሰጠው የቤት ሥራ አንድ ነው። ዲውቲ ስትጨርሺ ከዚያ ቀን ማስታወሻ አንዱን፣ የታካሚው ማንነት በምንም እንዳይታወቅ አድርገሽ፣ ለልጁ አክስት እንደምታስረጂ ሆነሽ ሙሉ ዐረፍተ ነገር አድርገሽ ጻፊው። ስድስት ሰባት መስመር ይበቃል። ለእያንዳንዱ ስም ፊቱ ላይ ምን እንዳለ ጠይቂው። የሚቆጠር ነጠላ ስም ባዶውን ከቆመ አንድ ነገር ጎድሎታል ማለት ነው። «ኢኩዊፕመንትስ»፣ «ስታፍስ»፣ «አድቫይስስ» የሚሉትን፣ የብዙ ቁጥር «ስ» የማይጨመርባቸውን ቃላትም እዚያው ለቃቅሚያቸው፤ ሆስፒታል ውስጥ ሁሉም ስለሚላቸው ትክክል ይመስላሉ።

ዐረፍተ ነገሩ ደግሞ ይጠር። እኛ በአማርኛ ተነሥቶ፣ ታጥቦ፣ በልቶ፣ ጠጥቶ እያልን ስንወርድ ቆይተን መጨረሻ ላይ በአንድ ግስ እንዘጋዋለን፤ ያምራልም። ያንኑ ወደ እንግሊዝኛ ስናሻግረው አራት መስመር የሚሄድ፣ ዋናው ግስ የጠፋበት ነገር ይወጣል። የእኔ ሕግ ማን እና ምን አደረገ የሚሉት ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰባት ቃላት ሳያልፉ ይታዩ የሚል ነው። «ኦልዞው» ብለሽ ከጀመርሽ ደግሞ መሃል ላይ «በት» አትጨምሪ፤ በአማርኛ «ምንም እንኳ» ብለን «ግን» ስለምናስከትል ነው የሚያመልጠን።

አሁን ዋናው ነገር። አዲስ ድርሰት መጻፍ አቁሚ። በየሳምንቱ አዲስ ርዕስ እየያዙ አሥርና ሃያ ድርሰት የሚጽፉ አሉ፣ ሃያውም ላይ ያው ስህተት ነው። ይህን የጤናውን ድርሰት ያዢውና ደጋግመሽ አፍርሰሽ ሥሪው። መጀመሪያ ሐሳቡን ብቻ፤ አቋሜ የቱ ነው፣ እያንዳንዱ አንቀጽ ለሱ ምን ይሠራል? ሌላ ቀን ዐረፍተ ነገሩን ብቻ። ሌላ ቀን ስሞቹንና ግሶቹን ብቻ። አንድ ሰው ያንብብልሽ፤ እንግሊዝኛ አስተማሪ መሆን የለበትም፣ «እዚህ ጋ ምን ልትዪ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሬዚደንት ሐኪም ይበቃል። ቻትጂፒቲም ካለሽ ይጠቅማል፣ ግን አርምልኝ አትበዪው። ካልሽው የሱን ድርሰት ይሰጥሻል፣ አንብበሽ ትደሰቻለሽ፣ ፈተና ቀን ግን እሱ የለም። ስህተት ያለበትን መስመር ብቻ አመልክተኝ፣ አታስተካክል በዪው። ማስተካከሉ የአንቺ ነው።

ጊዜውን በተመለከተ አጭር ነው። ጠቅላላው 60 ደቂቃ ነው፣ ታስክ 2 የታስክ 1ን እጥፍ ነጥብ ይይዛል። ግማሽ ሰዓት ለግራፍ መስጠት ገንዘብን ውሃ ላይ መበተን ነው። 20 ደቂቃ ሲሞላ እጅሽን አንሺ። ግራፉ ላይ 150 ቃል ይበቃል፤ ዋናው ቁም ነገር አጠቃላይ ምስሉን በአንድ ሁለት ዐረፍተ ነገር ማስቀመጡ ነው፣ ምን ጨመረ፣ ምን ቀነሰ፣ የትኛው በለጠ። እሱን ትተሽ ቁጥር በቁጥር ብትዘረዝሪ ከፍ ያለ ነጥብ አይሰጡሽም።

ሰብታይትል ወንድሜ፣ ስለ «ፕሌቶራ» ምሕረት አድርግልን። ቃል ነጥብ የሚያመጣው በቦታው ሲገባ እንጂ ስለ ከበደ አይደለም። «ኢምፕሩቭ» በትክክል የገባበት ዐረፍተ ነገር፣ «አሜሊዮሬት» ተሰንቅሮ ከተጣመመበት ይበልጣል። ለነርሷ የሚያስፈልጋት አብረው የሚሄዱ ቃላት ናቸው። በሽታ እንዴት ይስፋፋል፣ ክትባት እንዴት ይዳረሳል፣ በጀት እንዴት ይመደባል፤ የትኛው ግስ ከየትኛው ስም ጋር እንደሚውል ከምታነቢው ጋዜጣ ላይ ቅጂው።

የፕላዝማ ልጅ፦

መምህር ትክክል ነዎት፣ ግን ጥፋቱ ከኛ ብቻ ነው? እኔ ዘጠነኛ ክፍል የተማርኩት በፕላዝማ ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ ያለችው መምህርት በማናውቀው አነጋገር ጥያቄ ትጠይቃለች፣ «ቬሪ ጉድ!» ትላለች፣ ማን እንደ መለሰላት እንጃ፣ እኛ ገና ጥያቄውን እየገለበጥን ነው። ማትሪክ እንግሊዝኛም ማጥቆር ነው። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ። አፌን ከፍቼ እንድናገር የጠየቀኝ ሰው ሳይኖር ዩኒቨርሲቲ ገባሁ።

የማታው መምህር፦

እውነትህን ነው። እኔም ከዚያ ቴሌቪዥን አጠገብ ቆሜ ነው ያሳለፍኩት። ፈተናው ላይ ድርሰትም ንግግርም ስለሌለ ተማሪው አይለማመድም፣ ከ60 በላይ ተማሪ ያለበትን ክፍል ይዞ ደግሞ የማን ድርሰት ይታረማል? ባለቀለት ወረቀት ላይ ማጥቆር የለመደ ሰው ባዶ ወረቀት ሲሰጡት ቴምፕሌት ቢፈልግ አይፈረድበትም። አይልትስ ግን ይህን አይጠይቅም፤ የተጻፈውን ብቻ ነው የሚያየው።

ነርስ ከሐዋሳ፦

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የበርሚንግሃሟም ተባረኪልኝ፣ ስለ ማጣመሩ ጭራሽ አላውቅም ነበር፤ ገጻቸው ላይ ሄጄ አየሁት።

ስለ ቻርቱ የተናገሩት አሳቀኝም አሳፈረኝም፣ ቁርጥ እኔን ነው። የድሮ ድርሰቴን አውጥቼ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ሳየው አንዲት «ዘ» የሌለበት መስመር ሞልቷል። የመከላከሉን አንቀጽ በኦአርኤስ አድርጌ እንደገና ጻፍኩት። ሳልፈልገው ረዘመ፣ ሙሉው ድርሰት ከ300 ቃል አለፈ። ይህ ይጎዳኛል? ሌላው ደግሞ ስፒኪንጉ። ፈታኙ ፊት ስቀመጥ የማውቀው ሁሉ ይጠፋል። ካርድ ሰጥቶኝ ተናገሪ ሲለኝ ገና አንድ ደቂቃ ሳይሞላ የምለው አለቀ። በኮምፒውተር ልፈተን ወይስ በወረቀት የሚለውንም ቢነግሩኝ።

የማታው መምህር፦

ከ250 አትነሺ እንጂ 300 ማለፉ በራሱ አይጎዳም። የሚጎዳው ጊዜው ነው፤ መጨረሻ ላይ አንብበሽ «ዘ»ዎችን የምትለቅሚበት አራት አምስት ደቂቃ ካልተረፈሽ ከመሃሉ አንዱን ምሳሌ ጣዪው።

ስፒኪንግ ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ነው፣ ሦስት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ስለ ቤትሽ፣ ስለ ሥራሽ፣ ስለ ምግብ ነው። እዚህ ላይ ባህላችን ይጎዳናል። እኛ ለማናውቀው ሰው፣ በተለይ ለትልቅ ሰው፣ አጠር አድርጎ መመለስ ጨዋነት ነው። ፈታኙ ግን ያልሰማውን ነጥብ ሊሰጥሽ አይችልም። «ሥራሽን ትወጂዋለሽ?» ሲልሽ «የስ» ብለሽ ዓይንሽን መሬት ላይ ብትተክዪ አከበረችኝ አይልም። ለምን እንደምትወጂው፣ የትኛውን ሰዓት እንደምትጠዪው ጨምሪበት፤ ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር። ሳቅ አትበዪ እንጂ፣ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን «አዎ» የምንለውንም ነገር ተጠንቀቂ። ፈተናው ይቀዳል፤ ፈታኙ ደንግጦ «አመመሽ እንዴ?» ብሎ ሊጠይቅሽ ይችላል፣ ቅጂው ላይ ደግሞ መልስ ሆኖ አይሰማም።

ካርዱ ሁለተኛው ክፍል ነው። አንድ ደቂቃ ለመዘጋጀት፣ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ለመናገር። አንቺ የሚያልቅብሽ ካርዱ ላይ ያሉትን ነጥቦች እንደ ቅጽ ስለምትሞያቸው ነው። «የረዳሽ ሰው» ካለ፣ ማን ነው፣ ሞላሁ፤ መቼ ነው፣ ሞላሁ። እንደዚያ አይደለም። አንዲት ሌሊት ምረጪ። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ የኦክስጅኑን ሲሊንደር አብራሽ የጎተተችውን ጽዳት ሠራተኛ ተርኪልኝ። ምን አለች? አንቺ ምን አልሽ? በማግስቱ ስትገናኙስ? ሁለት ደቂቃው አይበቃሽም፣ ፈታኙ ነው የሚያቋርጥሽ። ማቋረጡ አያስቀንስም፣ ደንቡ ነው።

ሦስተኛው ክፍል ከካርዱ ጋር የተያያዘ ሐሳብ የሚጠየቅበት ነው፤ «ሰዎች ድሮ ከአሁኑ የበለጠ ይረዳዱ ነበር ወይ?» ዓይነት። ለዚህ የድርሰቱ ልምምድሽ ይበቃል።

ከማን ጋር ልለማመድ ላልሽው፣ ቴሌግራም ላይ ለራስሽ መልእክት የምታስቀምጪበት ቦታ አለ አይደል? እዚያ ሁለት ደቂቃ ቅጂ። አትስሚው። በማግስቱ ክፈቺውና ያልሽውን ቃል በቃል ጻፊው፣ «እ...» ያልሽበትንም ሳይቀር። ሰዎች ድምፃቸውን መስማት ስለሚያፍሩ ይህን ይዘልሉታል፣ ከሁሉ የሚጠቅመው ግን እሱ ነው። የቆምሽበትን ቦታ ታዪዋለሽ፤ ወይ ቃል ስትፈልጊ ነው፣ ወይ የጀመርሽው ዐረፍተ ነገር መውጫ አጥቶ ነው። ወረቀቱን አርሚና ሳታነቢ እንደገና ቅጂው። እንዲህ ስታደርጊ ራይቲንግሽም አብሮ ይሄዳል፤ በጽሑፍ የምትዘልያቸው «ኤ»ና «ዘ» ስትናገሪም ተዘልለው ታገኚያቸዋለሽ።

አነጋገርሽ የሐበሻ መሆኑ አይቀንስብሽም። እንደ ቢቢሲ ለማውራት የሚታገሉ አሉ፣ ከንቱ ድካም ነው። የሚቀንስብሽ ፈታኙ ሳይገባው ሲቀር ብቻ ነው። ለእኛ ሰው ሁለት ቦታ ላይ ይጠፋል። አንደኛው አጭርና ረጅም አናባቢ ነው፤ «መርከብ» እና «በግ» በእንግሊዝኛ አንድ ዓይነት እናደርጋቸዋለን። ሁለተኛው ከቃሉ ውስጥ የትኛው ክፍል ጠንከር ብሎ እንደሚነገር ነው፤ እኛ ሁሉንም እኩል እንረግጠዋለን። በሥራሽ የምትጠቀሚባቸውን ረዘም ያሉ ቃላት መዝገበ ቃላት ከፍተሽ ድምፁን እያዳመጥሽ አስተካክያቸው፤ ከዚያ አልፈሽ አትጨነቂ።

የበርሚንግሃሟ፦

መምህር ስለ አነጋገር ያሉት በጣም ልክ ነው። እዚህ የምሠራበት ዋርድ ውስጥ አንዷ ከፊሊፒንስ፣ አንዷ ከናይጄሪያ፣ አንዷ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት። መጀመሪያ ሰሞን ያልገባኝ የዚህችው የመጨረሻዋ ንግግር ነበር!

ኮምፒውተር ወይስ ወረቀት ላልሽው፣ ታይፕ ማድረግ የማያስቸግርሽ ከሆነ ኮምፒውተር። የቃሉን ብዛት ስክሪኑ ላይ ራሱ ይቆጥርልሻል፣ መሃል ላይ ዐረፍተ ነገር መጨመር ሲያምርሽ መሰረዝና ቀስት መሳል የለም፣ ውጤቱም ቶሎ ይወጣል። ስፒኪንጉ በሁለቱም ከሰው ጋር ነው። አንድ ጣት እየፈለግሽ የምትመቺ ከሆነ ግን፣ የፈተና ማዕከሉ አሁንም የሚሰጥ ከሆነ፣ ወረቀት ይሻልሻል፤ 60 ደቂቃ እንዲሁ ያልቃል። ደግሞ ውጤቱ ከጠበቅሽው በግማሽ ነጥብ ብቻ ካነሰ እንደገና ይታረምልኝ ማለት ይቻላል። ከፈተናው ቀን ጀምሮ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ ነው የሚጠየቀው፣ ያስከፍላል፣ ነጥቡ ከተለወጠ ገንዘቡ ይመለሳል። ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ለራይቲንግና ለስፒኪንግ ነው።

ሰብታይትል፦

እሺ ፕሌቶራን ትቻለሁ 😄 ግን ፊልሙን አልተውም።

የማታው መምህር፦

ፊልሙን ማን ተው አለህ? ሰብታይትሉን አጥፋና አንዱን ትዕይንት መልሰህ ተርከው፣ ያኔ ፊልም ማየትህ ጥናት ይሆናል።

ነርሷ፣ የኦአርኤሱን አንቀጽ እዚህ ለጥፊው፣ ሳታስተካክዪ ከነስህተቱ። እኔ መስመሩን አመለክታለሁ፣ አላርምልሽም።

ነርስ ከሐዋሳ፦

እሺ መምህር። ዛሬና ነገ ናይት ነኝ፣ ስወጣ እለጥፈዋለሁ። ታይፕ ላይ ግን ሁለት ጣት ነኝ፣ ወረቀት ሳይሻለኝ አይቀርም።